ከባንኮኒው ማዶ የመጡ ጥያቄዎች

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ስለ ክትባትና ስለ ተላላፊ በሽታ ለቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገሩ ብሎ ሲጠይቀን መጀመሪያ እምቢ ብለን ነበር። እኛ ሐኪም አይደለንም። ትምህርታችን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜያችን ሃምሳን የተሻገረ ባለሱቅ ነን። ኮሚቴው ግን «በኮሮናው ጊዜ ሰው ሁሉ ከሐኪም በፊት እናንተን አልነበረም ወይ የሚጠይቀው?» አለን። መልስ አጣን፤ እውነት ነውና። ሳሙና ሊገዛ የመጣ ስለ ሳል ይጠይቃል፤ ዱቄት ሊገዛ የመጣ ስለ ክትባት ይጠይቃል። እኛም ሳናውቅ የመለስንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ትምህርት ብቻ ሳይሆን ዕዳ መክፈልም ነው። ዕዳው ምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንነግራችኋለን። ዓመቶቹን ግን እዚሁ ጁባ በለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር እንጠራለን።

ሁላችሁም እንደምታስታውሱት በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የታወቀው ማርች 13 ቀን 2020 ነበር፤ ከቡርኪና ፋሶ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ጃፓናዊ ነው። እዚህ ደቡብ ሱዳን ደግሞ ኤፕሪል 5 ቀን 2020 የመጀመሪያው ተገኘ። ሕመምተኛዋ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ስትሆን ከኔዘርላንድ ተነሥታ በኢትዮጵያ በኩል ነበር የገባችው። ይህ ወሬ በገበያው ሲሰማ «በአዲስ አበባ በኩል ነው የመጣው» እያለ በጎሪጥ የሚያየን አልጠፋም። የአውሮፕላን በረራ ቆመ፣ የሌሊት ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ከምግብ ሸቀጥ በቀር ብዙው ሱቅ ተዘጋ። አገር ቤት ወላጅ የሞተበት ሰው ለቅሶ መድረስ አቅቶት እዚሁ ጁባ ድንኳን ሳይጥል ብቻውን ተቀመጠ። በስደት አገር ከዚያ የከፋ ጊዜ ያየን አይመስለንም።

የጁባ ሰው ግን ብዙም አልደነገጠም። «ኮሮና ማፊ!» ይላል፣ ኮሮና የሚባል ነገር የለም ማለቱ ነው። ሌላው «የፈረንጅ በሽታ ነው» ይላል። የእኛም ሰው «በዚህ በአርባ ዲግሪ ሙቀት ምን ሊኖር!» ይል ነበር። ይኸኛው ከባንኮኒው ማዶ የመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ሙቀት በሽታውን አይገድለውም ወይ? መልሱ እንዲህ ነው። ቫይረሱ የሚራባው መንገድ ላይ ሳይሆን በሰው ሰውነት ውስጥ ነው። የሰው ሰውነት ሙቀት ደግሞ በጁባም በስቶክሆልምም ያው 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውም በአብዛኛው በተዘጋ ቤት ውስጥ በትንፋሽ፣ በሳልና በንግግር ነው። ደጅ ፀሐይ ቢያቃጥልም በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ከተኛን ፀሐዩ አያድነንም።

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ። በዚያ ሰሞን በአገር ቤትም በዚህም ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ እንደ ወርቅ ተፈለገ። እኛም ከኡጋንዳ በኒሙሌ በኩል የሚመጣውን እየተሻማን አመጣን፣ ዋጋም ጨመርን። ይህን ሁሉም ነጋዴ አድርጎታል ብለን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ሸጠን ብቻ አልቀረንም፤ «ይህን በማር እያፈሉ ከጠጡ አይነካዎትም» እያልን ነበር የምንሸጠው። እኛ ስንል ከሌላ ሰው ጀርባ መደበቃችን አይደለም፤ ይኸው ፊታችሁ የቆምነው ነን።

አንድ ደንበኛ ነበሩን። ስማቸውን አንጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። በውሃ ቦቴ ሥራ የሚተዳደሩ፣ ስኳር ያለባቸው፣ ስልሳ ዓመት የሞላቸው ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ክትባቱ ጁባ ሲገባ አንድ ማታ ሱቅ መጥተው «ምን ይመስላችኋል፣ ልከተብ ወይስ ልተወው?» ብለው ጠየቁን። እኛም «ትንሽ ይቆዩ፣ ሌላው ተከትቦ እንየው፤ እስካሁን በዝንጅብሉ ደህና ነዎት» አልናቸው። ቆዩ። ከወራት በኋላ ታመሙ፤ ኦክስጅን ሲፈለግላቸው ሰነበተ፤ አረፉ። ከአርባቸው በኋላ ባለቤታቸው የዱቤ ሒሳባቸውን ልትዘጋ መጣች። መዝገቡን ስንገልጥ ስኳር፣ ዘይት፣ ሩዝ፣ ከዚያም ዝንጅብል፣ ዝንጅብል፣ ዝንጅብል ይላል። የሌላውን ተቀበልናት። የዝንጅብሉን ገንዘብ ግን እጃችን ሊቀበል አልቻለም። ለምን እንደሆነም ያን ቀን አልነገርናትም። ለዚህ ንግግር ስንዘጋጅ ቤቷ ሄደን ነገርናት። «እሳቸውም ፈርተው ነበር፤ የፈለጉትን ነው ያላችኋቸው» አለችን። እሷ ይቅር ብትለንም ነገሩ ከልባችን አልወጣም።

ቢከተቡ በእርግጥ ይተርፉ ነበር ብሎ የሚምል ሐኪም የለም። ነገር ግን ዕድሜያቸው የገፋና ስኳር ያለባቸው ሰዎች በዚያ በሽታ የመሞት አደጋቸው ከፍ ያለ እንደነበረ፣ ክትባቱም ያን አደጋ በብዙ እንደሚቀንስ የታወቀ ነገር ነው። ዝንጅብልና ሎሚ መጥፎ ነገር አይደሉም፤ ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፣ ያሞቃሉ። ለሰውነት በሽታውን አስቀድመው አያስተምሩትም እንጂ። ልዩነቱ ይህ ነው።

ክትባት እንዴት ያስተምራል? ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን እየጠየቅን የተረዳነውን በእኛው ቋንቋ እንናገር። የገበያ ዘበኛ ሌባውን ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ከሆነ ሌባው ዕቃውን ጭኖ ከሄደ በኋላ ነው የሚነቃው። የሌባው ፎቶግራፍ አስቀድሞ ከተሰጠው ግን በር ላይ ይይዘዋል። በሰውነታችን ውስጥ በሽታ የሚከላከሉ ሕዋሳት እንደዚያ ዘበኛ ናቸው፤ ክትባቱም ፎቶግራፉ ነው። ከተከተብን በኋላ ክንድ ማበጡና ትኩሳት መምጣቱ ዘበኞቹ ፎቶግራፉን አይተው መሯሯጣቸው ነው፤ በብዛት በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል።

«ታዲያ ክትባቱ ራሱ ኮሮና ይሰጣል ወይ?» ብለው የሚጠይቁን ብዙዎች ነበሩ። አይሰጥም። ወደ ጁባ መጀመሪያ የገባው አስትራዜኔካ በውስጡ የኮሮና ቫይረስ የለበትም። ለሰው ጉዳት እንዳያመጣና እንዳይራባ ተደርጎ የተዘጋጀ ሌላ የጉንፋን ዓይነት ቫይረስ የኮሮናውን አንድ ምልክት ብቻ ተሸክሞ ለሰውነት ያሳያል። ተከትቦ በሳምንቱ የታመመ ሰው ካለ ቀድሞ ተይዞ ነበር፣ ወይም መከላከያው ሳይገነባ ተይዟል ማለት ነው። ሰውነት ትምህርቱን ለመያዝ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል።

«ደም ያረጋል የተባለውስ?» ይህን ጥያቄ ሐሰት ነው ብለን አናልፈውም፤ መነሻ ነበረውና። በማርች 2021 በአውሮፓ አንዳንድ አገሮች አስትራዜኔካን ለጊዜው አቁመው ነበር። ምርመራው ሲጠናቀቅ እውነተኛ ግን እጅግ የማያጋጥም ጉዳት ሆኖ ተገኘ፤ ከመቶ ሺህ ተከታቢ አንድ ወይም ሁለት ሰው ገደማ። በዚያ ወረርሽኝ ለአንድ የስልሳ ዓመት ባለስኳር ሰው በሽታው ከክትባቱ ይልቅ እጅግ የከፋ አደጋ ነበር። ያን ጊዜ ይህን በቁጥር የሚያስረዳን ብናገኝ ኖሮ መልሳችን ሌላ ይሆን ነበር። ሰው ችግሩን ሲደብቁበት ይጠራጠራል፤ መጠኑን ሲነግሩት ግን ይመዝናል። እኛ ነጋዴዎች ሚዛን እናውቃለን።

«ተከትቤ ለምን ታመምኩ?» የሚለውም አለ። ክትባቱ ዋና ሥራው ከከባድ ሕመምና ከሞት ማዳን ነው እንጂ በር ላይ ፈጽሞ እንዳይደርስ ማድረግ አይደለም። በተለይ በ2021 መጨረሻ ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ሲመጣ የተከተበውም ያልተከተበውም ተይዟል፤ ሌባው ልብስ ለውጦ እንደመምጣት ነው። ቢሆንም የተከተበው በአብዛኛው በጉንፋን መልክ አለፈለት። «አንዴ ታምሜያለሁ፣ ምን ያደርግልኛል?» ለሚለውም፤ በሽታ መታመም ራሱ ያስተምራል፣ ነገር ግን የትምህርት ቤት ክፍያው ከባድ ነው፤ ትምህርቱም ከጊዜ ጋር ይደክማል። «ያመክናል» የሚለው ወሬ ደግሞ ምንም ማስረጃ አልተገኘለትም። ከክትባቱ በኋላ የወለዱ እናቶች በዚህ አዳራሽ ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

ስለ ክትባቱ አቀማመጥ ደግሞ ባለሱቅ የሚያዝንበት ነገር አለ። ማርች 25 ቀን 2021 በኮቫክስ በኩል 132 ሺህ መጠን ክትባት ጁባ ገባ፤ በኤፕሪል መጀመሪያ በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል መሰጠት ተጀመረ። ቀድሞ የጤና ባለሙያዎች፣ ከዚያ አረጋውያን፣ ቆይቶም ሌላው አዋቂ እንዲከተብ ተፈቀደ። ሰው ግን አልመጣም፤ ወሬው ቀድሞት ነበር። ከመጣው ውስጥ 72 ሺህ የሚሆነው ጊዜው ሳያልፍ ለሌሎች አገሮች እንዲሆን ተመለሰ። በአፍሪካ ኅብረት በኩል ከተሰጠው ሌላ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋም ሳይሰጥ ጊዜው አለፈበት። የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ሸቀጥ መደርደሪያ ላይ ሲያረጅ ማየት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ይህ ግን ብስኩት አልነበረም። ያ ደንበኛችን «ልከተብ ወይ?» ብለው ሲጠይቁን ክትባቱ ከሱቃችን ብዙም በማይርቅ ቦታ በማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር።

ማቀዝቀዣ ካልን፤ ብዙው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ወተት ሲበላሽ ይሸታል፤ ክትባት ግን በሙቀት ከተበላሸ በሽታው እንጂ ዓይናችን አያውቀውም። ስለዚህ በጄኔሬተር በምትኖር ከተማ ውስጥ ክትባት ከመንገድ ወይም ከማይታወቅ ሰው አይገዛም። ጤና ጣቢያ ሄዶ መከተብ ነው።

ወደ ቀድሞው ዘመን ትንሽ እንመለስ። ክትባት የፈረንጅ ነገር ነው ለሚሉን ወጣቶች የአገራችን ሽማግሌዎች ይመልሱላቸዋል። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ፈንጣጣ በገባ ጊዜ ቀለል ብሎ ከወጣበት ሰው ቁስል ጥቂት ወስደው የጤነኛውን ቆዳ ጭረው ይከትቡ ነበር። አደገኛ ነበር፤ በዚያው የሚሞት፣ በሽታውንም ወደ ሌላ መንደር የሚያዛምት ነበረ። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ በትንሹ አስተምሮ ከብዙው ማዳን። በኋላ በ1971 በኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። ከታቾቹ በእግርና በበቅሎ ገደል ወጡ፣ በረሃ ወረዱ። በ1976 በኦጋዴን የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ ተገኘ፤ በ1977 በሶማሊያ የመጨረሻው ሆነ፤ በ1980 ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በእናታችን ክንድ ላይ የነበረው ጠባሳ ያ ነው። የእኛ ልጆች ፈንጣጣን የሚያውቁት ፊቱ የተጠቃ ሽማግሌ በፎቶግራፍ ሲያዩ ብቻ ነው።

ክትባት በሌለበት ዘመን የሆነውንም አንርሳ። በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ በፈረንጁ 1918 መሆኑ ነው፣ «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ ቀባሪ ጠፍቶ እንደነበር አባቶቻችን ያወሩ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው የዚያ መታሰቢያ ነው። ያን ጊዜ የነበራቸው ጢስና ጸሎት ነበር። እኛ ከዚያ የበለጠ ተሰጥቶናል።

ኮሮናን የዓለም ጤና ድርጅት ሜይ 5 ቀን 2023 ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታው ማብቃቱን አስታውቋል። በሽታው ግን አልጠፋም፤ ሌሎቹም አልጠፉም። ስለዚህ ቤተሰቦች ሆይ፣ ዛሬ ለልጆቻችን የሚያስፈልገውን እንናገር።

መጀመሪያ ኩፍኝ ነው። አንድ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ካልተከተቡ ልጆች መካከል ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱት ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ልጁ ከክፍሉ ከወጣ በኋላም ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። ከዚህም የከፋው ኩፍኝ የልጁ ሰውነት ቀድሞ የተማረውን የሌላ በሽታ መከላከያ ሊያስረሳው መቻሉ ነው። የመጀመሪያው ክትባት በዘጠኝ ወር ይሰጣል፤ ሙሉ እንዲሆን ሁለተኛው ያስፈልጋል። እኛ ስደተኞች ችግራችን እዚህ ላይ ነው። ልጅ አዲስ አበባ ይወለዳል፣ በስድስት ወሩ ጁባ ይመጣል፣ ለፋሲካ ጎንደር ይሄዳል፣ ካርዱ አያቱ ቤት ይቀራል። ከዚያ «ተከትቧል መሰለኝ» እንላለን። መሰለኝ ክትባት አይደለም። ካርድ ከጠፋ ጤና ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ነው፤ የኩፍኝ ክትባት ተደግሞ ቢሰጥ ልጁን አይጎዳውም።

ሁለተኛ ወባ ነው። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደቡብ ሱዳን የወባ ክትባት ለሕፃናት መስጠት ጀምራለች። አራት ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን አጎበርን አይተካም፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት።

ሦስተኛ ኮሌራ ነው። ኦክቶበር 28 ቀን 2024 ወረርሽኙ ከታወጀ ወዲህ ከሬንክ ተነሥቶ ጁባም ገብቶ ስንቱን እንዳሳጣን አይታችኋል። ክትባቱ በአፍ የሚዋጥ ነው፤ ሲሰጥ አትለፉ። ነገር ግን የቦቴ ውሃን ማከምና እጅ መታጠብን አይተካም።

አራተኛው የቢጫ ወባ ካርድ ነው፤ ይህ ለነጋዴ ነው። ከ2016 ጀምሮ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልኩ ያገለግላል፤ «አሥር ዓመት አልፎታል» ተብላችሁ አትደንግጡ። የሚጸናው ግን ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነውና በጉዞ ዋዜማ አትሩጡ። ሳይከተቡ ካርዱን ብቻ የሚገዙም አሉ። ኬላውን ያልፉ ይሆናል፤ ትንኟ ግን ካርድ አትጠይቅም። በዲሴምበር 2023 ቢጫ ወባ ያምቢዮ ላይ ታይቷል፤ ሩቅ አይደለም።

ንግግራችንን ልናጠቃልል ነው። ማኅበራችን ለለቅሶ ገንዘብ ያዋጣል፣ አስከሬን ወደ አገር ይልካል፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ከአሁን በኋላ ደግሞ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው ለሕይወትም መዝገብ እንዲኖረን ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ የልጆቻችን የክትባት ካርድ ቅጂ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን ያሉ የጤና ባለሙያዎች በየሦስት ወሩ አንድ እሑድ ጥያቄ ይቀበሉን። ሦስተኛ፣ እኛ ባለሱቆች የማናውቀውን ስንጠየቅ «አናውቅም፣ ሐኪም ይጠይቁ» ማለትን እንልመድ። ይህች ሦስተኛዋ ከሁሉ ትቀላለች፤ ለእኛ ግን ከሁሉ ከብዳን ነበር።

ያ የዱቤ መዝገብ እስካሁን ሱቃችን ውስጥ አለ። የዝንጅብሉ መስመር ሳይሰረዝ አለ። ደንበኛ ስለ ጤና ሲጠይቀን እናስታውሰዋለን።

ፈጣሪ ሁላችንንም በጤና ለሚቀጥለው በዓል ያድርሰን።